ከጓደኛ ጋር አንድ ቀን፦ ደሴ፣ ሐይቅ ወይስ ኮምቦልቻ? ሥዕልና ውሃ ለሚፈልጉ የንጽጽር መመሪያ

ፊት ለፊቱ ሥዕል ተሰቅሎ፣ በጓሮው ወንዝ እየወረደ፣ መሀል ላይ ቡና የሚጠጣበት ጋለሪ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ አትፈልጉ። በእኛ አካባቢ የሚታየው ጥበብና የሚያሳርፈው ውሃ ለየብቻ ነው የሚገኙት፤ አንድ ላይ ያሉበት ቦታ ቢኖር ሐይቅ ከተማ ነው፣ እሱም ሁሉንም ሰው አያስገባም። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ከሥዕሉና ከውሃው የቱ ቢጎድል እንደማይከፋችሁ ተነጋገሩ። ይህ ካልተወሰነ አንዱ ሙዚየም በር ላይ፣ ሌላው ልቡ አሳው ላይ ሆኖ ቀኑ ያልቃል።

እዚህ የሚነጻጸሩት አራት ውሎዎች ናቸው፦ ደሴ ከተማ ውስጥ ሙዚየሙና አይጠየፍ፤ ሐይቅ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳምና የውሃው ዳር፤ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ፤ አራተኛው ደግሞ ወረቀትና ቀለም ይዞ ወጥቶ ራስ መሳል። ግሸን ማርያምና ላሊበላ አልገቡም። እነሱ የጉዞ ናቸው፣ የውሎ አይደሉም።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ የመንገድ ሰዓት። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ሳይቆሙ ከተነዱ ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳሉ። ሰው የሚረሳው መናኸሪያ ላይ የመጨረሻዋ ወንበር እስክትሞላ የሚጠበቀውን ነው። ያንንም የባጃጁንም ጨምራችሁ ለደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መድቡ። ከዚያ ካለፈ ድካሙ ወሬውን ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ ሁለታችሁም መግባት ትችላላችሁ ወይ? አንዱ ገብቶ ሌላው ደጅ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ውስጡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሁለት ሰው ቀን አይሆንም። ይህ መመዘኛ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ሄዳችሁ የምታዩት ነገር ክፍት ሆኖ የመገኘቱ እድል። አራተኛ፣ ውሃው አጠገቡ የሚያስቀምጥ ነው ወይስ ከሩቅ ብቻ የሚታይ? አምስተኛ፣ ቁጭ ብሎ ለማውራት ጥላ፣ ወንበርና ሽንት ቤት አለ ወይ? ሽንት ቤቱን ማንም ቀድሞ አይጠይቅም፤ ከቀትር በኋላ ግን ቀኑን የሚያሳጥረው እሱ ነው።

ስድስተኛው ምግብ ነው፤ በወሎ ይህ ከጣዕም ያለፈ ጉዳይ ነው። አንዱ ጓደኛ ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን ከሆነ የሥጋ ቤቱ ጉዳይ አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጾሙ አለ፤ ረመዳን ከገባ ምሳው ጭራሽ አይታሰብም። ወጪ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሳያስፈልግ ቀርቶ አይደለም። ከአራቱ ውሎዎች ሦስቱ በመስመር ታክሲ ከሄዳችሁ ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ኮንትራት መያዝ አለመያዛችሁ ነው።

ደሴ ከተማ ውስጥ፦ ሙዚየሙና አይጠየፍ

የደሴ ሙዚየም ያለው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ተዘርፏል፣ ጉዳትም ደርሶበታል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተጻፈ የጉብኝት መረጃ ተመርታችሁ «ይህን ዕቃ እናያለን» ብላችሁ አትሂዱ። በዋዜማው በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ካለ ጠይቁት፣ ወይም ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደውሉ፤ ጥያቄያችሁም «ክፍት ነው?» ብቻ አይሁን፣ «ለእይታ የቀረበው ምንድን ነው? ቅዳሜስ ሰው አለ?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ አዎ የሚል መልስ አግኝቶ ሄዶ ቁልፍ የያዘውን ሰው የሚጠብቅ ብዙ ነው።

የመንግሥት ሰዓት መሆኑንም አስቡ። በሥራ ቀን ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ምሳ ነው፤ ዓርብ ግን ለጁምዓ ስለሚሰፋ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ሰው አይገኝም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መድረስ ይሻላል።

አይጠየፍ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የተሾሙ፣ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው፤ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሥዕል ፈልጎ አይጠየፍ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል፤ ቤት ማየት የሚወድ ግን ግድግዳው እንዴት እንደተሠራ፣ ጣሪያው በምን እንደተሸከመ፣ ከጦሳ ተራራ አንጻር እንዴት እንደተቀመጠ ሲያይ አንድ ሰዓት ሳያስበው ያልፋል። ከሙዚየሙ ጋር ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማድረስ ይቻላል። ከሁለት በላይ ቦታ አትጨምሩ። በወሎ ባህል አምባ የዚያን ዕለት ዝግጅት ካለ እሱን ለማታ አቆዩት።

የዚህ ውሎ ጉድለት ውሃው ነው። የቦርከና ወንዝ ከተማውን ሲያቋርጥ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት የሚባል ነገር የለም። በምትኩ የደሴ ጥቅም ወሬው ነው። መንገድ የሚበላው ሰዓት ስለሌለ፣ ከምሳ በኋላ የጀበና ቡና ይዞ እስከ ሦስተኛው መቀመጥ ይቻላል። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጫጫታ የሌለበት ቡና ቤት ፈልጉ፤ መናኸሪያ አካባቢ የምትቀመጡበት ቦታ የረዳቶቹን ጩኸት ያሰማችኋል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጃኬት ሳትይዙ አትውጡ፤ ጠዋት ፀሐይ ቢሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ከአይጠየፍ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው። ሰኞ ደግሞ የገበያ ቀን ስለሆነ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስደው መንገድ ይጨናነቃል፤ ባጃጁም ቁጭ ብሎ ይከርማል።

ሐይቅ፦ ገዳሙ፣ ብራናው፣ አሳው

ሥዕልና ውሃ ባንድ ላይ ካላችሁ መልሱ ይህ ነው፣ ከአንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ጋር፦ ሁለታችሁም ወንድ ከሆናችሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። «ግቢው ድረስ ትገባለች»፣ «እናስፈቅዳለን» የሚላችሁ አይጠፋም፤ አትመኑት። ከሁለታችሁ አንዷ ሴት ከሆነች ገዳሙን ሙሉ በሙሉ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ውሃው ዳር ሂዱ፤ ያኔም ሐይቅ ከውሃ አንጻር አንደኛ ሆኖ ይቀራል፣ ሥዕሉ ብቻ ነው የሚቀርባችሁ። በሌላ አማራጭ አራተኛውን ውሎ ከዚህ ጋር አጣምሩት፣ ከታች አለ።

ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የተደራጀ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ቀድሞ ደሴት የነበረው ቦታ አሁን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። የሥዕል ወዳጅ ሊያውቀው የሚገባው የአባ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል ነው፦ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ፣ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ ቀደምት ባለሥዕል ብራናዎቻችን አንዱ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ራሱ ያለበት። የትኛው መጽሐፍ ተገልጦ እንደሚታይ የሚወስኑት መነኮሳቱ ናቸው፤ ያሳዩትን ተቀበሉ፣ «ያንን አምጡልን» አትበሉ።

የትኛውም ብራና ቢገለጥላችሁ በጥድፊያ አትለፉት። መጀመሪያ የገጹን ጠርዝ እዩ፦ በወስፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰልፈው ታያላችሁ። ጸሐፊው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደረቁ ያሰመረው መስመር፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው፣ ያለ ቀለም ይታያል፤ ፊደሉ በዚያ ላይ ነው የተቀመጠው። ቀጥሎ የብራናውን ሁለት ፊት አነጻጽሩ፦ ጠጉር የነበረበት ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሥጋ የነበረበት ይነጣል። ከዚያ ቀዩ ቀለም የት የት እንደገባ ልብ በሉ፤ የከበሩ ስሞችና መነሻዎች ናቸው። በገጹ አናት የተጠላለፈው ሐረግ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ሁለታችሁ በየፊናችሁ በዓይን ተከተሉና ተነጋገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አትስማሙም። ሥዕሉ ላይ ስትደርሱ ሰውነቱ ጥላ እንደሌለው፣ የልብሱ እጥፋት በመስመር ብቻ እንደተነገረ፣ ዓይኑም ከፊቱ መጠን በላይ ተልቆ ወደ ተመልካቹ እንደቀና ታያላችሁ። ጣት አይነካም፣ ፍላሽ አይበራም፤ ያለ ፍላሽም ቢሆን ሳትጠይቁ ስልክ አታውጡ።

የሰዓቱ ነገር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ ወደ 9 ሰዓት ያመራል፤ ያኔ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ጨርሱ። ቅዳሜና እሁድ በተቃራኒው ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ እስኪያልቅ ከመጠበቅ ረፋዱ ላይ መድረስ ይሻላል። ጫማ ይወልቃልና ክሩ የበዛ ቦት አትልበሱ። ነጠላ ያዙ። ለገዳሙ የምትሰጡትን ዝርዝር ብር ቀድማችሁ ለዩ፤ በቴሌብር እንክፈል የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ወደ ውሃው። ሐይቁ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ከደሴ ይሞቃል፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳታዩ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ውሃው ጠዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ስለሚናወጥ ጀልባው ከምሳ በፊት ይሁን። ዋጋውን ደግሞ «በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ለስንት ደቂቃ? ደርሶ መልስ ነው?» ብላችሁ ሦስቱንም ጠይቁ። መዋኘትና ባዶ እግር ዳሩ ላይ መግባት ይቅርባችሁ፤ ቢልሃርዚያ በአካባቢው የታወቀ ነው፣ የሚይዘውም ዳር ዳሩን፣ ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ በመቆም ነው።

አሳው ቆሮሶ ነው፤ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ከመጥበሱ በፊት አሳዩን ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ዓይኑ ጉብ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ የዛሬ ነው፤ ስንጥቡ ቡኒ ሆኖ ዓይኑ ከሰረገደ ጥብስ ቢሆንም ሽታውን ሎሚ አይሸፍነውም። ሙሉውን ሲጠበስ ጎንና ጎኑ ላይ ሦስት ሦስት ቦታ መሰንጠቁን እዩ፤ ካልተሰነጠቀ ውጪው ደርቆ አከርካሪው ላይ ጥሬ ይቀራል። ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት እዘዙ፣ ስትመለሱ ይደርሳል። ለሁለት ሰው ሁለት መካከለኛ አሳ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር በቂ ነው፤ ለብለቡን ወይም ዱለቱን ከጨመራችሁ አንዱን አሳ ቀንሱ። አሳ ቢላዋ ማን አነሳ የማይባልበት ምግብ ስለሆነ ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛ ከአንድ ሳህን የሚበሉት ያለ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ የደሴ ጓደኛሞች ሐይቅን ከሌላው የሚያስመርጠው ይኸው ነው። በጾም ቀን ግን አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ ጓደኛችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሽሮ ያለበትን ቤት መምረጥ አይከብድም።

በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ

ይህ የጋለሪ ፈላጊ ውሎ አይደለም፤ ቁጭ ማለት ለሚፈልግ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ደሴ ላይ የለበሳችሁት ጃኬት ኮምቦልቻ ላይ ክንድ ላይ ይውላል። መንገዱ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ሲወርዱ በመስኮት በኩል ያለው ወንበር ይያዝ፤ ራሱን የሚያዞረው ሰው ካለ ከፊት ይቀመጥ፣ ጠዋትም ከበድ ያለ ቁርስ አይብላ።

ቦርከናን ደስ በሚል መልኩ ማየት የሚቻለው ከከፍታ ነው። ዶሮ መዝለያ ላይ ወንዙ ጠባብ ገደል ሰንጥቆ ሲወርድ፣ በተለይ ከክረምት ማግሥት መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ቆም ብሎ ለማየት የሚበቃ ነገር አለው። ኮንትራት ከያዛችሁ ሾፌሩ ሰፊ ቦታ ላይ ያቁም፤ ጠምዛዛ ላይ አይቆምም። ጠርዝ ላይ አትውጡ፣ በክረምት ደግሞ ወደ ውሃው አትውረዱ፦ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ጦሳ ስር ሲዘንብ ወንዙ በድንገት ይሞላል።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ግን «ወንዝ ዳር» የሚለውን እርሱት። ወንዙ የደሴን ቆሻሻ ይዞ ይመጣና የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ይጨመርበታል፤ በጋ ላይ ውሃው ሲያንስ ሽታው ይገናል። ወንዝ ዳር ያለ ጓሮ ተብሎ የተነገራችሁን ቤት ከመቀመጣችሁ በፊት አየሩን አሽትቱ፣ ነፋሱ የሚመጣው ከየት እንደሆነም እዩ። ዛፍ ያለበት የሆቴል ግቢ፣ ጭማቂና ምሳ፣ ሜዳ ላይ የእግር ጉዞ፤ ኮምቦልቻ በዚህ ደሴን ትበልጣለች። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወይም ከአንድ ታላቅ ጋር የምትወጡ ከሆነ ከአራቱ የሚሻለው ይህ ነው፣ የደሴን ዳገት አያስወጣም።

ሰኞ ከሆነና ሙቀት የማይፈራ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የባቲ ገበያ አለ፤ የእጅ ሥራ ለማየት ከየትኛውም ሙዚየም የበለጠ ሕይወት ያለው ቦታ። ግን ያኔ ዘና ማለት የሚባለውን ትታችሁታል።

ወረቀትና ቀለም ይዞ መውጣት

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም፤ «እኔ መሳል አልችልም» ይላል። ለአንድ ቀን መቻል አያስፈልግም። ሁለት ሰው አንድ ተራራ ፊት ተቀምጦ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ሲያይ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወሬ ሌላ ነው። በር የለውም፣ ሰዓት አይዘጋበትም፣ ወንድ ሴት አይልም። ቦታው ሐይቅ ዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ደሴ ላይ ጦሳ በደንብ የሚታይበት ጥላ ያለው ግቢ ይበቃል።

ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው፦ 10 ወፍራም ወረቀት (ውሃ ቀለም ከሆነ ከ200 ግራም ያላነሰ፤ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል)፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ጠንካራ ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ፣ ለእያንዳንዱ 4 ክሊፕ፣ ኤችቢ፣ 2ቢና 6ቢ እርሳስ፣ ምላጭ፣ ላጲስ፣ ባለ 12 ውሃ ቀለም፣ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም ብሩሽ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ከሚጠጣው የተለየ አንድ ሊትር ውሃ፣ አፉ የተቆረጠ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ። አንዱ ጠርሙስ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ነው፤ በአንድ ከሠራችሁ ከሦስተኛው ቀለም በኋላ ሁሉም ጭቃ ይሆናል። ፒያሳ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ውስጥ እርሳሱና ቀለሙ ይገኛል፤ ወፍራሙ ወረቀት ካልተገኘ ማተሚያ ቤት የሽፋን ወረቀት ጠይቁ።

በ5 ደቂቃ ንድፍ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የ20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀለም ያለበት የአንድ ሰዓት። ወረቀቱ ላይ ፀሐይ በቀጥታ አያርፍ፤ ነጩ ዓይን ስለሚያጠፋ ቀለሙን ሳታውቁት ታጠቁሩትና ጥላ ውስጥ ስታዩት ያስደነግጣችኋል። ሐይቁ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፦ የማዶው ውሃ መስመር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ትንሽ ካዘነበለ ውሃው የሚፈስ ይመስላል። በእርሳስ ከማስመራችሁ በፊት ከወረቀቱ ታች በሁለቱም ጎን እኩል ለኩ። ሰማዩን ወደ ተራራው ሲቃረብ አሳሱት፣ ሩቁንም ተራራ ከቅርቡ አደብዝዙት።

ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀለሙ ከብሩሹ ሳይወርድ ይደርቃል፤ ወረቀቱን ቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ አርጥቡት። በጉም ቀን ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ አልደርቅ ይላል፤ ያን ዕለት በእርሳስ ብቻ ቆዩ። ሕፃናት ይሰበሰባሉ፤ ሁለት ትርፍ ወረቀትና እርሳስ ከሰጣችኋቸው እናንተን ትተው እነሱም መሳል ይጀምራሉ። ሰው ስትስሉ አስፈቅዱ። ኬላ፣ ድልድይና የወታደር ካምፕ አትሳሉ፣ ፎቶም አታንሱ።

ባንድ እይታ

| መመዘኛ | ደሴ ሙዚየምና አይጠየፍ | ሐይቅ | ኮምቦልቻ | ራስ መሳል |
|---|---|---|---|---|
| ከደሴ ደርሶ መልስ መንገድ | ከአንድ ሰዓት በታች | ሦስት ሰዓት ገደማ | ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ | እንደ ቦታው |
| የሚታይ ጥበብ | ቤቶቹ፤ ዕቃው ተጠይቆ | ብራናና ሥዕል፣ ከተፈቀደ | የለም ማለት ይቻላል | የራሳችሁ |
| ውሃ | የለም | በጣም ጥሩ | ከከፍታ ብቻ | ሐይቅ ከሆነ ጥሩ |
| ሁለቱም ይገባሉ? | አዎ | ገዳሙ ወንድ ብቻ | አዎ | አዎ |
| ተዘግቶ የመገኘት ስጋት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | የለም |
| ምሳ | ሰፊ ምርጫ | አሳ | ሰፊ ምርጫ | የተያዘ ስንቅ |
| የሚመረጥበት ወቅት | ከጥቅምት እስከ ጥር | ከመስከረም እስከ ጥር | መስከረም፣ ጥቅምት | ዝናብ የሌለበት ቀን |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ በኮንትራት ከፍተኛ | መካከለኛ | ዕቃው አንዴ ብቻ |

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ስላለ ያንን ወቅት ሰንጠረዡ ውስጥ አላስገባነውም፤ ጠዋት ተነስቶ ሰማይ እያዩ መወሰን ነው።

ለማን የቱ?

ኪሳችሁ ከሳሳ ደሴን ምረጡ፦ ሙዚየም መግቢያና የቡና ሂሳብ ብቻ ነው፣ ቀሪው በእግር ይሸፈናል። ትንሽ ከተረፈ በመስመር ታክሲ ሐይቅ ሂዱና ከጀልባውና ከተጨማሪው ምግብ አንዱን ተዉ። ኮንትራት የሚያዋጣው አራት ሆናችሁ ስትካፈሉት ነው፤ ለሁለት ሰው ከምሳው ይበልጣል። ኮንትራት ስትነጋገሩ መጠበቂያው መካተቱን፣ ገዳሙ በር ድረስ መግባቱንና የመመለሻ ሰዓቱን ከመነሳታችሁ በፊት አስሩ፤ ያልተነገረው ሁሉ ማታ ላይ ዋጋ ይሆናል።

ሁለት ወንዶች ሆናችሁ ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ሐይቅ፣ ከገዳሙ ጋር፤ ጥርጥር የለውም። ወንድና ሴት ወይም ሁለት ሴቶች ከሆናችሁ ሐይቅ ያለ ገዳሙ፣ ከወረቀትና ቀለም ጋር፤ ከአራቱ ውስጥ በእኛ ግምት ምርጡ ይኼኛው ነው። ብዙ ጊዜ ተለያይታችሁ ቆይታችሁ የምትገናኙ ከሆነና የምታወሩት የበዛ እንደሆነ ደሴን ወይም ኮምቦልቻን ያዙ፤ ሚኒባስ ውስጥ የልብ አይወራም። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ የሐይቁ መንገድ በደሴ በኩል ስለሚያልፍ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካልወጣችሁ አትነሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ መታወቂያ ያዙ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑንም የዚያኑ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ላይ ጠይቁ። መመለሻችሁን ከ11 ሰዓት በፊት አድርጉት። ሐይቅ ላይ አስፋልት ዳር ቆሞ መጠበቅ አያዋጣም፦ ከወልድያና ከውጫሌ በኩል የሚመጡት ሞልተው ነው የሚያልፉት። ባጃጅ ይዛችሁ ወደ መናኸሪያው ግቡና ወደ ደሴ የሚጭነውን ጠብቁ።